ደምና ገመና፤ በቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ስላለው የቤተሰብ ጠብና በቀል

ከለገሃር ተነሥቶ ሽቅብ ወደ አራዳ የሚወጣው የቸርችል ጎዳና ርዝመቱ ይህን ያህል ባይሆንም፥ የአገራችን የትርኢት ጥበብ ሁለት ታላላቅ ቤቶች በግርጌውና በራስጌው ተቀምጠውበታል። በግርጌው በ1948 ዓ.ም. በብር ኢዮቤልዩ በዓል ጊዜ የተመረቀው፥ ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር ይባል የነበረው የዛሬው ብሔራዊ ቴያትር አለ። በራስጌው የከተማው ማዘጋጃ ቤት ቆሟል፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው በዚሁ በማዘጋጃ ቤቱ ሕንጻ ውስጥ ነበር። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሩ ለሚሄድ ሰው መንገዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢፈጅበት ነው። በጥበብ በኩል ግን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከዚህ እጅግ የረዘመ መሆኑን፥ ማታ ማታ በየቤታችን የሚታየውን ተከታታይ ድራማ በጥሞና የተመለከተ ሁሉ ሳይረዳው አይቀርም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቴሌቪዥንን ከቴያትር ለማሳነስ አይደለም። እንዲህ ያለው ክርክር ብዙ ጊዜ ተነሥቶ ብዙም ፍሬ አላፈራም። ዓላማው በተከታታይ ድራማዎች ውስጥ እጅግ የተለመደውን አንድ ነገር፥ ይኸውም የቤተሰብን ጠብና የበቀልን ሤራ አንሥቶ፥ እንዴት እንደሚሠራና ስለ ምን እንዲህ እንደሚሠራ መመርመር ነው። ትናንት ማታ የታየው ክፍል ዛሬ ጠዋት በየመሥሪያ ቤቱ፥ በየመምህራን ማረፊያ ክፍል፥ በየሻይ ቤቱ ይወራል፤ እገሊት ለምን አልነገረችውም? እገሌስ መቼ ይሆን የሚደርስበት? እየተባለ እንደ ዘመድ ጉዳይ ይጠየቃል። እኔም በቢሮዬ ይህንኑ ስሰማ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ወደዚህ ሐተታ የመራኝም የጠያቂዎቹ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። «ምን ያደርግ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። ጥያቄው ሁሉ «መቼ ያውቅ ይሆን?» የሚል ነው።

ተከታታይ ድራማ በፈረንጆቹ ዘንድ «የሳሙና ኦፔራ» የሚል የቀልድ ስም አለው። ስሙ የወጣለት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ፥ በአሜሪካ ራዲዮ ለቤት እመቤቶች ይቀርቡ የነበሩትን ታሪኮች ወጪ ከሚሸፍኑት ነጋዴዎች ዋነኞቹ የሳሙና ፋብሪካዎች ስለ ነበሩ ነው። የኛም ድራማ በሳሙናና በምግብ ዘይት ማስታወቂያ እየተቋረጠ የሚሄድ በመሆኑ፥ ስሙ ለኛ ጆሮ ያን ያህል ባዕድ አይሆንም። ከሳሙናው በፊት ግን ጋዜጣ ነበረ። ፈረንሳዊው ደራሲ አሌክሳንድር ዱማ «የሞንቴ ክሪስቶው ኮንት» የተባለውን ልብ ወለድ ከ1844 እስከ 1846 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በፓሪስ ጋዜጣ ላይ በክፍል በክፍል አወጣው። ያለ በደሉ የታሰረ ወጣት ከወህኒ ያመልጣል፤ ሀብት ያገኛል፤ ስሙን ለውጦ፥ ማንም ሳያውቀው፥ ወደ አሳሳሪዎቹ መካከል ይመለሳል። የቱርክ ቴሌቪዥን ይህንኑ ታሪክ መሠረት አድርጎ በ2009 «ኤዜል» የተባለውን ድራማ ሠራ። ስሙን ለውጦ የሚመለስ ተበቃይ፥ ማንነቱ እስኪገለጥ ድረስ ጓጉቶ የሚጠብቅ አንባቢ፥ በነጋታው የሚሸጥ ጋዜጣ፤ ሦስቱ አብረው ያደጉ ናቸው ማለት ይቻላል።

ይህ ዓይነቱ ታሪክ በገፍ ወደ አገራችን የገባው ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭቱን ጀምሮ የውጭ አገር ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሳየት በጀመረ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የአገራችን የጥበብ ሰዎች ብርቱ ተቃውሞ አሰሙ፤ ባህላችንን ያበላሻል፥ ሥራችንንም ይወስድብናል አሉ። ሌሎች ደግሞ ሕዝቡ የወደደውን ቢያይ ምን ይጎዳል? ብለው መለሱ። ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት ስለ ባዕድነቱ ስለ ነበረ፥ ታሪኩ ራሱ በምን አኳኋን እንደተገነባ የመረመረ ሰው ጥቂት ነው። በኔ አስተያየት ባዕድነቱ ትንሹ ነገር ነው። የሰው ልጅ በኢስታንቡልም ሆነ በደብረ ታቦር ሲከዱት ያዝናል። ነገሩ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው፤ አሠራሩም ቃና ከመከፈቱ በፊት ወደኛ ቤት ገብቶ ነበር።

ለምሳሌ ያህል «ጥቁር ፍቅር» የተባለውን የቱርክ ድራማ እንውሰድ። ደካማውን መርጦ መንቀፍ ፍርደ ገምድልነት ስለሚሆን፥ ከመልካሞቹ አንዱን መውሰዱ ይሻላል፤ ይህ ድራማ በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት በዘርፉ ያገኘ ነው። ከማል የድኻ ቤተሰብ ልጅና የማዕድን መሐንዲስ ነው፤ ኒሃን የባለጸጋ ልጅና ሠዓሊ ናት። ሁለቱ ይዋደዳሉ። የኒሃን መንትያ ወንድም ግን በአንዲት ሴት ሞት ይጠረጠራል፤ ኤሚር የተባለው ባለጸጋ ነገሩን ሸፍኖ ወንድሟን ሊያድንላት ይስማማል፥ ዋጋውም ኒሃን እንድታገባው ነው። ኒሃን ምክንያቱን ሳትገልጥ ከማልን ታሰናብተዋለች። እሱም ወደ ሩቅ አገር ሄዶ፥ በማዕድን ጉድጓድ ሠርቶ፥ ከአምስት ዓመት በኋላ ባለ ሀብት ሆኖ፥ ቂሙንም በልቡ ቋጥሮ ይመለሳል።

አንባቢ እንደሚፈርደው፥ ይህ አጀማመር ዝቅተኛ አይደለም። እኅት ለወንድሟ ስትል ዕድሜዋን መስጠቷ ማንኛውም ታላቅ ደራሲ የሚመኘው መነሻ ነው። ነገር ግን ድራማው ጉልበቱን የሚያገኘው ከመሥዋዕትነቷ ሳይሆን ካለመናገሯ ነው። «ወንድሜን ለማዳን ብዬ ነው ያገባሁት» የምትለው አንዲት ዐረፍተ ነገር ከአፏ ብትወጣ የከማል ቂም መቆሚያ አይኖረውም። ስለዚህ ደራሲው ዋና ሥራው ይህችን ዐረፍተ ነገር መጠበቅ ይሆናል። ልትናገር ስትል በር ይከፈታል፤ ልትናገር ስትል ስልክ ይደውላል፤ ልትናገር ስትል ሰው ይታመማል። ምስጢሩ በመጨረሻ ሲወጣ ደግሞ፥ የቀረው ታሪክ ባዶ እንዳይሆን ሌላ ምስጢር ይተከላል፤ በጠላ ቤት አንዱ ጋን ሲያልቅ ሌላው እንደሚከፈት ማለት ነው። 74 ክፍል፥ ያውም በአገሩ አንዳንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ድራማ፥ እንዲህ ካልሆነ በቀር አይሞላም።

ወደራሳችን ድራማዎች ስንመጣ፥ ስማቸው ሳይቀር ይህንኑ ይመሰክራል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታይቶ ብዙ ተመልካች ያገኘው ድራማ ስሙ «ገመና» ነው። ከሱ በኋላ የመጣውና አገሩን ሁሉ ማታ ማታ በየቤቱ ያስቀመጠው «ሰው ለሰው» ደግሞ በአንድ ረገድ ከብዙዎቹ ይሻላል። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የተባለው ባለ ሀብት ክፋቱ ለተመልካቹ አልተደበቀም። በዙሪያው ያሉት ሰዎች እጁን እየጨበጡ፥ በማዕዱ እየተቀመጡ ሳያውቁ፥ እኛ ግን እናውቅ ነበር። የተዋናዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገሩ፥ ሳይቸኩል መቀመጡ፥ ፈገግታውን ማዘግየቱ ሁሉ የሚያስፈራው እኛ ስለምናውቅ ነው። ይህ የትወና ብቻ ሳይሆን የድርሰትም ችሎታ ነበር፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ ድራማዎች ግን ከ«ሰው ለሰው» የወሰዱት ይህንን ሳይሆን ባለ ሀብቱን፥ መኪናውንና ጥይቱን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቋንቋችን ለቤተሰብ መከራ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፤ አንዱ ገመና፥ ሌላው ደም ነው። ገመና ማለት በቤት ውስጥ ተሸፍኖ እንዲቀር የሚፈለግ ነገር ነው፤ ሰው ገመናውን እንዲሸፍንለት ይጸልያል፥ ገመናው የወጣበትም አንገቱን ይደፋል። ደም ግን የአደባባይ ነገር ነው። በጎጃምም ሆነ በጎንደር፥ በሸዋም ሆነ በወሎ፥ ደም የፈሰሰበት ቤተሰብ ደመኛውን በስሙ፥ በአባቱ ስምና በቀዬው ያውቀዋል። አባቱ የሞተበት ልጅ ገና እረኛ ሳለ የገዳዩን ስም ይሰማል። በለቅሶ ቦታ አልቃሽ በሙሾዋ ታነሣበታለች፤ በሠርግ ቤት ፎካሪው ሲፎክር ዓይኑን ወደሱ ይወረውራል፤ የእናቱ ዝምታ እንኳ ይናገረዋል። ገዳዩም በበኩሉ ያውቃል፤ ወይ ይሸፍታል፥ ወይ ቀዬውን ለቆ ይሰደዳል፥ ወይ ሰው በማይበዛበት መንገድ ይሄዳል። ሽማግሌው ያውቃል፤ የንስሐ አባቱ ያውቃል፤ ጭቃ ሹሙ ያውቅ ነበር። እንግዲህ እዚህ ላይ «መቼ ያውቅ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ቦታ የለውም። ያለው ጥያቄ፥ ይህን ሁሉ እያወቀ የሚኖር ሰው ምን ያደርጋል? የሚለው ብቻ ነው።

ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር እንኳ የአባቶቻችን ሥርዓት ምስጢሩን ለአንድ ሰው አይተውለትም ነበር። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በተባለው ሥርዓት የአገሩ ሰው ሁሉ ከሥራው ተከልክሎ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪገለጥ ድረስም ወደየቤቱ አይበተንም። ምስጢር የአገር ጉዳት ነውና አገር ተቀምጦ ያወጣዋል ማለት ነው። የዛሬው የድራማ ደራሲያችን ግን ምስጢሩን ለአንዲት ሴት አሸክሞ፥ ብቻዋን በመኝታ ቤቷ እያስለቀሰ፥ ዓመት ያቆያታል።

በቀልም ቢሆን ያለ ወሰን የተተወ አልነበረም። በድሮው የፍርድ ሥርዓት በሞት የተቀጣ ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ እነሱም ወይ መግደል፥ ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው መማር ይችሉ ነበር። እስቲ አንባቢ ይህን በዓይነ ኅሊናው ይመልከተው። ዳኛው ፈርዶ ጨርሷል፤ ምስጢር የሚባል ነገር አልቀረም፤ ነገር ግን ታሪኩ አላለቀም፥ እንዲያውም ገና መጀመሩ ነው። ወንድምየው ይገደል ይላል፤ አጎትየው ገንዘቡን እንቀበል ይላል፤ የሟች ሚስት ሁለቱንም እያየች ትቀመጣለች፤ ቄሱ መስቀሉን ይዞ በመካከል ይገባል። እዚህ አንድ ቀን ውስጥ ያለው ጠብ ለስንት ክፍል የሚበቃ ነው? እንዲህ ያለው ፍርድ ዛሬ ቀርቷል፤ ነገር ግን ለጥበብ የሚሆነው ጉዳይ ከሕጉ ጋር አብሮ አልቀረም። ሰው ከወህኒ ቤት ጊዜውን ጨርሶ ሲወጣ በሟች ቤተሰብ ደጃፍ በኩል ማለፍ አለበትና።

ለዚህ ሐሳብ ማስረጃ የሚሆኑ ሥራዎች ሞልተዋል። ግሪካዊው ኤስኪለስ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ458 ዓመት በአቴና ያሳየውን የኦሬስቴስን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፥ ሚስት ባሏን ትገድላለች፥ ልጅም እናቱን ይገድላል፤ ገዳዮቹ ሥራቸውን በአደባባይ ይናገራሉ፥ ነገሩም በመጨረሻ በፍርድ ሸንጎ ያልቃል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በ«ሐምሌት» ውስጥ በእርግጥ ምስጢር አለ፤ አጎትየው ወንድሙን በምስጢር ገድሏል። ሼክስፒር ግን ይህን ምስጢር ገና በመጀመሪያው ገቢር አውጥቶ ለልጁም ለተመልካቹም ይነግርና፥ ከዚያ ወዲያ ያለውን ረጅም ሌሊት ሁሉ ያወቀው ልጅ እንዴት እንደሚሰቃይ ያሳየናል። ምስጢሩን እስከ መጨረሻው ገቢር ቢያቆየው ኖሮ፥ ሐምሌት ዛሬ ማታ ማታ ከሚታዩት ድራማዎች አንዱ በሆነ ነበር።

ከኛው አገር ደግሞ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» አለ። ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸውና በአጥንታቸው የሚመኩ መሆናቸውን ከገበሬው ጀምሮ የማያውቅ የለም፤ ሰብለ ወንጌልን ሳትዳር ያስቀራትም ይኸው በአደባባይ የቆመ ትዕቢት ነው። በሰብለና በበዛብህ መካከል ያለው ፍቅር በቤቱ ውስጥ ምስጢር ቢሆንም ለአንባቢው ምስጢር አይደለም። ይህ መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ በተረከው ጊዜ አድማጩን ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ይዞ ያቆየው ምን ይመጣ ይሆን በሚል ጉጉት ብቻ አልነበረም፤ የሚመጣውን እየፈሩ መጠበቅ ነበር። ታሪክን ለማስረዘም ምስጢር ግድ ነው ለሚሉት ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ስለ ቦታ ጥቂት ልናገር። በድራማዎቻችን ውስጥ ያለው ቤት ሁልጊዜ ደረጃ ያለው ሰፊ ቪላ ነው፤ ሳሎኑ ባዶ፥ መጋረጃው ከባድ፥ ዘበኛው በር ላይ፥ ሠራተኛይቱ በጓዳ። ይህ ለታይታ ብቻ የተደረገ እንዳይመስለን። ምስጢር የሚኖርበት ቤት ስለሚያስፈልገው ነው። በአራዳና በዶሮ ማነቂያ አካባቢ በነበሩት አሮጌ ጊቢዎች፥ አምስትና ስድስት ቤተሰብ አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ ማድ ቤት ሲካፈል፥ የባልና የሚስት ጠብ ከግድግዳው አልፎ ለጎረቤት ይሰማ ነበር፤ ጎረቤትም «ኧረ በማርያም!» እያለ በመካከል ይገባ ነበር። በዚያ ጊቢ ውስጥ ኒሃን ምስጢሯን አንድ ሳምንት አታቆየውም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፒያሳ ሲፈርስና እንደገና ሲሠራ ከእነዚህ ጊቢዎች ብዙዎቹ ጠፍተዋል፤ በቴሌቪዥናችን ግን ድሮም ቢሆን እምብዛም አልታዩም። በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን የታየው «እረኛዬ» ታሪኩን ከሳሎን አውጥቶ ወደ ገጠር ቀዬ መውሰዱና አንዲት አያትን በመካከል ማስቀመጡ ብዙ ሰው ያስደሰተው፥ በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሰማይ ባለበት ቦታ ሰዎች ተያይተው ይነጋገራሉ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የአነጋገሩ ነገር ነው። አማርኛ ለጠብ የተሠራ ረቂቅ መሣሪያ አለው፤ እርሱም «አንተ»፥ «እርስዎ»ና «አንቱ» ነው። ልጅ አባቱን «እርስዎ» ሲል ኖሮ አንድ ቀን «አንተ» ቢለው፥ ሽጉጥ ከመምዘዝ አይተናነስም፤ ቤቱ በሙሉ ጸጥ ይላል። አማት ምራቷን «አንቺ» ስትል ኖራ በቂም «እርስዎ» ብትላት ስድብ ነው፤ ምራቲቱም ስድብ መሆኑን ታውቀዋለች። ደመኛ ለደመኛው በሰው ፊት «እንደምን ዋሉ» ብሎ እጅ ቢነሣ፥ በዚያች አክብሮት ውስጥ ያለውን ዛቻ የማይሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ ነንና። ከውጭ ቋንቋ በተመለሱት ድራማዎች ውስጥ ግን ልጁም፥ አባቱም፥ ጌታውም፥ አሽከሩም አንዱን «አንተ» ሲለዋወጡት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የተናጋሪዎቹ ከንፈር ከአማርኛው ጋር እንዲገጥም ሲባል የሚደረግ ነው እንበልና እንለፈው። በራሳችን ደራሲያን በራሳችን ቋንቋ የተጻፈው ድራማ ተመሳሳይ ሲሆን ግን ምን ምክንያት እንሰጣለን? ተዋናዩ ቁጣውን በቃሉ መግለጥ ስለማይችል ብርጭቆ ይሰብራል። በአንድ ክፍል ሦስት ብርጭቆ ሲሰበር ያየሁበት ማታ አለ።

በዚህ ላይ አንድ ሰው ሊቃወመኝ ይችላል። ስለ ደም መመለስ የሚናገር ድራማ በየማታው ቢታይ፥ ወጣቱን ለበቀል ማነሣሣት አይሆንም ወይ? ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በተለይ መምህራን ቢያነሡት አልደነቅም። ነገር ግን አሁን ያለው ድራማ በቀልን አልተወም፤ የተወው የበቀልን ዋጋ ነው። ምስጢርን መሠረት ባደረገ ታሪክ ውስጥ ተበቃዩ ሲበቀል ትክክለኛውን ሰው ማግኘቱ ብቻ ይጠየቃል፤ ያልበደለውን ከተበቀለ «ምነው ባወቀ ኖሮ» ብለን እናዝንለታለን፥ የበደለውን ከተበቀለ ግን እናጨበጭባለን። መበቀሉ ራሱ ለክርክር አይቀርብም። ወጣቱ ከዚህ የሚማረው ማንን መጠርጠር እንዳለበት ነው፤ እኅቱን፥ አማቱን፥ የቤት ሠራተኛዋን ሁሉ በጥርጣሬ እንዲመለከት ይለምዳል። ደመኛው በታወቀበት ታሪክ ግን «መበቀል ይገባኛል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ማንም ሊያመልጠው አይችልም፤ እናትየው በአንድ በኩል፥ ቄሱ በሌላ በኩል፥ የገዛ ልጁ ደግሞ ከእግሩ ሥር ሆነው ይጎትቱታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ከድራማ አዘጋጆች ወገን የሚመጣ ነው። ማስታወቂያ የሚያስነግረው ነጋዴ ተመልካቹ በሚመጣው ሳምንት እንደሚመለስ ዋስትና ይፈልጋል፤ የተንጠለጠለ ምስጢር ደግሞ ርካሽ ዋስትና ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ተመልካች ወደ ኳስ ሜዳ የሚመለሰው ምስጢር ስለ ተደበቀበት ሳይሆን ሁለቱ ቡድኖች በግልጥ ስለ ቆሙለት ነው። ይህን ለማለት ያህል ነው እንጂ በንግድ በኩል ለመምከር ዕውቀቱ የለኝም።

ከሁሉ ይልቅ የተበደሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው። በድራማዎቻችን ውስጥ ሽማግሌ የማይገባበት የቤተሰብ ጠብ የለም፤ ሲገባ ግን እንዴት ነው የሚገባው? ነጭ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች ሳሎን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይስላል፤ አንዱ ሁለት ተረት ይተርታል፤ ሻይ ይቀርባል፤ ባለ ጉዳዩ «ስለ እናንተ ስል» ይላል፤ ወይም ተነሥቶ ይወጣል፤ ማስታወቂያ ይመጣል። ከማስታወቂያው በኋላ ሽማግሌዎቹ የሉም፥ ስማቸውንም የሚያስታውስ የለም። እርቅ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ፥ ምስጢር ግን ዓመት የሚቆይ ሆኖ መታየቱ የአገሩን ነገር መገልበጥ ነው። በእውነተኛው የደም እርቅ፥ በአንዳንድ አገር ደም አድርቅ በሚሉት፥ ምስጢሩ አንዲት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሽምግልናው ግን ወራትና ዓመታት ይወስዳል። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሲሄዱ ደጃፍ ይዘጋባቸዋል። ተመልሰው ሲሄዱ በሩ ይከፈታል፥ ነገር ግን ተቀመጡ የሚላቸው የለም። ካህናት መስቀል ይዘው ይጨመራሉ። በመካከሉ የገዳዩ ዘመዶች ለደሙ ዋጋ ከብት ይሸጣሉ፥ እርስ በርሳቸውም ይጣላሉ፤ ለሱ ጥፋት እኛ ለምን እንደኸያለን? የሚል ወንድም አይጠፋም። በመጨረሻው ቀን ገዳዩ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ፥ ጎንበስ ብሎ፥ በሟች ዘመዶች ፊት ይወድቃል። ድንጋዩን ከአንገቱ የሚያወርድለት ማን ይሆን? እጁ ይንቀጠቀጥ ይሆን?

በ1960ዎቹ አጋማሽ ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ፥ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ካለው የደም ካሳ ሥርዓት ስሙንም ጉዳዩንም ወስዷል። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት አልፏል፤ ቴሌቪዥናችንም ከአንድ ጣቢያ ወደ ብዙ ጣቢያ አድጓል። እንዲህ ያለውን ሽምግልና ከመጀመሪያው የተዘጋ ደጃፍ እስከ መጨረሻው ድንጋይ ድረስ ለአንድ ዓመት ሙሉ በክፍል በክፍል የሚከታተል ድራማ ግን እስካሁን አላየሁም። ለመቅረጽም ቪላ አያስፈልገውም፤ አንድ አጥር፥ ከአጥሩ ውጭ በድንጋይ ላይ የተቀመጡ አምስት ሽማግሌዎች፥ በውስጥ ደግሞ ልጇን የቀበረችና ወደ ደጅ ወጥታ የማታነጋግራቸው አንዲት እናት በቂ ናቸው።